የእናቴ አምስት ሊትር

ያንን ካርድ የሰጡኝ ዕለት እሳት ውስጥ መጨመር ነበረብኝ። ቀድጄ እጥለው ነበር እንዳልል ፕላስቲክ ነው፤ አይቀደድም። አየር መንገዱ ደጋግሞ ለሚበር ደንበኛ የሚሰጠው፣ ብርማ ቀለም ያለው ካርድ ነው። ካርዱ ያለው ሰው ሰልፉ ያጥርለታል፣ ለሌላው መንገደኛ ከተፈቀደው የሻንጣ ክብደት ላይም ትንሽ ኪሎ ይጨመርለታል። በቃ ይኸው ነው። ወንበሩ ያው የሁሉም ወንበር ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ከፊተኛው ሰው ወንበር ጋር እየተጋጨ ነው የተመላለስኩት። ታዲያ ከዚያች ከተጨመረችልኝ ኪሎ አንዲት ካልሲ እንኳ ለራሴ ይዤባት አላውቅም፤ ወላሂ አላውቅም። ኪሎዋ የሰፈር ነበረች።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር። እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባሁ። የምሠራበት ድርጅት የማሽን መለዋወጫ ከጅዳ ስለሚያስመጣ፣ ዕቃውን አይቶ የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ የሚላከው እኔ ነኝ። ከጅዳ በተመለስኩ ቁጥር ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ፈቃድ እወስድና እናቴን ለማየት ደሴ እሄዳለሁ። ድሮ በመኪና ነበር የምሄደው። በኋላ መንገዱ የሚያስተማምን አልሆነም፤ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉህ ነገ ዝግ ነው። ስለዚህ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን በሚኒባስ ሆነ። መንገዱ ሲያስቸግር የሰው ዕቃ ሁሉ በሚበር ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ከሚበሩት መሃል ደግሞ ካርድ ያለኝ እኔ ነኝ።

ካርዱን ለሰፈር ያወጀችው ራሷ እናቴ ናት። በየለቅሶው፣ በየሠርጉ "የኔ ልጅ እኮ ኪሎ ይጨመርለታል" ትላለች። ስንት ኪሎ እንደሚጨመርልኝ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ብቻ ይጨመርለታል። የሰፈራችን ሴት ልጆች ጅዳ በሰው ቤት ይሠራሉ፤ እኔ ከዚያ ስነሳ ለእናቶቻቸው ያስይዙኛል፤ ከዚህ ስሄድ ደግሞ እናቶቻቸው በርበሬና በሶ ያስይዙኛል። "ኧረ እማ፣ እኔ የጭነት መኪና ነኝ እንዴ?" ስላት ትስቃለች። "አብሽር የኔ ዓለም! ሸክም የበዛበት ሰው ዱዓ ይበዛለታል" ትለኛለች። ዱዓው ሻንጣ አያቀልም ብዬ ብመልስላት ደግሞ ትቆጣለች።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። በእኛ ቤት ግን ይህ አባባል አልነበረም፤ ሕግ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ሞቶ እናቴ ገበያ ላይ በርበሬ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ከደሴ ዙሪያ የሚመጡ ሴቶች ሳይሸጥ የቀረ በርበሬያቸውን እሷ ዘንድ ያሳድሩ ነበር። ድንገት ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ሮጣ የምታነሳው የሰውን ጆንያ ነው፤ የራሷ እየረጠበ። "የራስህ ቢበላሽ ለአላህ ትናገራለህ፤ የሰው ቢበላሽ ለማን ትናገራለህ?" ትለኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ከራስ በላይ ነፋስ እያለ ሲኖር፣ እኔ ከራስ በላይ ጎረቤት ተብዬ አደግኩ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያን ጊዜ ግን እናቴን የሚያህል ሰው የለም ብዬ እኮራ ነበር።

ሠላሳ ዓመት በርበሬ መዝና የሸጠች ሴት ስለሆነች እጇ ራሱ ሚዛን ነበር። ሚዛኗ ለገዢ ማሳያ ነው እንጂ ለእሷ አያስፈልጋትም። አንድ ነገር አንስታ "ሁለት ኪሎ ከሩብ" ካለች፣ ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው። ልጅ ሆኜ የማላነሳላት ነገር አልነበረም፤ ድንጋይ፣ ዶሮ፣ የሳሙና ቁራጭ፣ ሁሉንም እያነሳሁ "ይሄስ?" እላት ነበር። ተሳስታ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ልቧ ደከመ። ከቤት እስከ በር ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፣ እሷ ግን የራሷን ነገር አውቃዋለች። ከፒያሳ ነጭ አቡጀዴ አስገዝታ ከፈኗን፣ የምትገነዝበትን፣ በሳጥኗ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን ደውላ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ የሚሆን ነገር ጠየቀችኝ።

"ከጅዳ ስትመለስ አንድ ጀሪካን ዘምዘም ይዘህልኝ ና" አለችኝ። "ከፈኔን ነክሬ ላድርቀው። መካን በእግሬ አልረገጥኳት፤ ውሃዋን እንኳ ለብሼ ልሂድ።"

ዘምዘም ከዚያ በፊት አምጥቼላት አላውቅም ማለት አይደለም። በትንንሽ ጠርሙስ አመጣላት ነበር። ግን ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለፈተና ለሚቀመጥ እያለች በስኒ ታድለዋለች፤ ለእሷ የጠርሙሱ እርጥበት ነው የሚቀራት። ሳትጠይቀኝም ሙሉ ጀሪካን ባመጣላት ኖሮ እኮ ነገሩ ድሮ ባለቀ ነበር። ግን በየጊዜው ሻንጣዬ በሰው ዕቃ ይሞላል፤ እሷም "የኔ ይቆይ፣ የሰው አይቆይም" ትላለች። እኔም እሺ እላለሁ። ስንት ዓመት እሺ አልኩ!

በዚህኛው ጉዞ ግን ማልኩ። ጅዳ ላይ የሰውን አደራ ስቀበል እያንዳንዱን በእጄ እየመዘንኩ "በቃኝ፣ ሞላ" ማለት ጀመርኩ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ልወጣ ስል የጎረቤታችን የእትየ ልጅ መጣች። እትየ ከእናቴ በዕድሜ ትንሽ የሚያንሱ፣ አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው ሴት ናቸው። ልጅቱ ከአሠሪዎቿ ደጅ ደቂቃ ለምና ሮጣ መምጣቷ ያስታውቃል፤ ላቧ ይወርዳል። በጨርቅ ጠቅልላ የሰፋችው፣ በላዩ ላይ ፕላስተር የዞረበት ጥቅል ይዛለች። "ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ለእማዬ ነው" አለችኝ። አራት ዓመት እናቷን አላየችም። ምን ልበላት? ተቀበልኩ። ምን እንደሆነም አልጠየቅኩም፤ የተሰፋ አደራ ምን እንዳለው አይጠየቅም።

ጀሪካኑን የገዛሁት እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አምስት ሊትር፣ በካርቶን የታሸገ። የጅዳው ሚዛን ዘምዘምን ከኪሎ አይቆጥረውም፤ ለብቻው ያልፋል። ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ድረስ በሰላም ገባን፣ እኔም ውሃውም።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ የኮምቦልቻውን አውሮፕላን ልሳፈር ስሄድ ነው። የአገር ውስጡ ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ስለሆነ ኪሎውም የአገር ውስጥ ነው፤ አነስ ይላል። የጅዳው ሚዛን ያልቆጠረውን ውሃ ይኸኛው ቆጠረው። ካርዴን አወጣሁ። የካርዱን ጭማሪ ደምራም ሚዛኑ ላይ ያለችው የአየር መንገዱ ልጅ ራሷን ነቀነቀች።

"አምስት ኪሎ ትርፍ አለዎት" አለችኝ።

"እከፍላለሁ።"

"ዛሬ በክፍያም አይሆንም፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ ሙሉ ነው። አምስት ኪሎ ማስቀረት አለብዎት።"

ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። ሻንጣዬን መሬት ላይ ከፈትኩት። የራሴን ልብስ አስቀድሜ ነው ያስቀረሁት፤ ሁለት ጃኬት ደርቤ ለብሼ ላብ ያጠምቀኛል። በእጅ የሚያዘውም ቦርሳ በሰው ጫማ ተሞልቶ ተመዝኖ አብቅቷል፤ ውሃ ደግሞ በእጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የቀረው የሰው አደራ ነው፤ የእትየ ጥቅል ከላይ ተቀምጣለች።

"ይሄ ጥቅል ምንድን ነው?" አለች ልጅቱ።

"አደራ ነው።"

"ውሃውስ የማን ነው?"

"የእናቴ።"

"እንግዲያው የራስዎ ነዋ" አለች፣ በቅንነት።

አዎ፣ የራሴ ነው አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ በገዛ አፌ። እጄ ሳያንገራግር ጀሪካኑን አነሳው። አንድ ሰው "አንተ ሞኝ፣ ጥቅሉን አስቀርና የእናትህን ውሃ ይዘህ ሂድ!" ብሎ ቢጮህብኝ ኖሮ ምናልባት እነቃ ነበር። ማንም አልጮኸም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ የብብቴን የጣልኩት የሰው ቆጥ እንዳይጎድል ብዬ ነው። ውሃውን ሊሸኘኝ ለመጣው ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ ቤቴ አስቀምጥልኝ አልኩት። ለአረፋ እመለሳለሁ፣ ያኔ እይዘዋለሁ ብዬ ነው። አረፋ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ብርዱ ላቤን አደረቀው። እናቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥታ ትጠብቀኛለች። ከአጠገቧ አዲስ ሳፋ ተደፍቷል። ከፈኑን የምትነክርበት ነው፤ ሌላ ነገር ያልነካው ይሁን ብላ አዲስ አስገዝታለች፤ አጥባ ፀሐይ አስመትታዋለች። ሳፋውን ላለማየት ጎንበስ ብዬ ሻንጣዬን ከፈትኩ።

እሷ እንደ ልማዷ የሰዉን አደራ አንድ በአንድ እያነሳች ለየች፤ ይሄ የእገሊት፣ ይሄ የእገሌ። የእትየን ጥቅል አነሳች። አላስቀመጠችውም። እጇ ላይ አቆየችው፣ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

"አምስት ኪሎ" አለች።

ቀና ብላ አየችኝ። ሻንጣው ባዶ ሆኗል። ጀሪካን የለም። እኔ አቀረቀርኩ።

"ልክ የውሃው" አለች ቀስ ብላ።

"እማ፣ አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ እከፍላለሁ ብልም..."

"ደግ አደረግክ" አለችኝ። "የሰው ብታስቀር ነበር የማዝንብህ። የኔ ይቆያል።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወላሂ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሳፋውን አንስታ ከሳጥኗ አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። እትየ በዚያን ሰሞን ቢስቲማ ነበሩ፣ እህታቸው ታመውባቸው ሊያስታምሙ ሄደዋል። ስልክ ብንደውልላቸው "እስክመጣ እናንተው ዘንድ ይቆይልኝ" አሉ። ስለዚህ ጥቅሉ ከእናቴ አልጋ ራስጌ ተቀመጠ። ሌሊት አይጥ እንዳይነካው እያለች ትዳስሰው እንደነበር በኋላ ያስታመመቻት ዘመዳችን ነገረችኝ።

አዲስ አበባ ተመለስኩ። ውሃውን በሚኒባስ ልላክላት አሰብኩ፤ መንገዱ እንደገና ተዘጋ ተባለ። ደወልኩላት። "ዘምዘም ደግሞ በሹፌር እጅ እየተንከራተተ አይመጣም፤ አንተው ይዘኸው ና፣ አረፋ ደርሶ የለ" አለችኝ። በሳምንቱ ድርጅቱ ለአስቸኳይ ዕቃ መልሶ ጅዳ ላከኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር? እችል ነበር። አላልኩም።

እናቴ የሞተችው እኔ ጅዳ ሳለሁ ነው። ስልኩ የተደወለልኝ ጧት ነው። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ በቀትሩ የዙሁር ሶላት ቀበሯት። ውሃው አዲስ አበባ፣ እኔ ውሃው የሚቀዳበት አገር፣ እሷ ደሴ አፈር ውስጥ። ያረቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጠላትም ቢሆን አይድረሰው!

ስመለስ አደራ የሰጠኝ ሰው የለም። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ዕቃ አያስይዙትም። አዲስ አበባ ቤቴ ገብቼ ጀሪካኑን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የአገር ውስጡ ሚዛን ላይ አንድ ጀሪካንና አንድ ትንሽ ቦርሳ አስቀመጥኩ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን አይታ ፈገግ አለች።

"ብዙ ኪሎ ይቀርዎታል እኮ፣ ሌላ ሻንጣ የለዎትም?" አለችኝ።

የለኝም አልኳት። አውሮፕላኑ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።

ደሴ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እትየ ከቢስቲማ ለቀብር ደርሰዋል፤ እናቴን ያጠቧትም እሳቸው ናቸው። በዚያ በአዲሱ ሳፋ፣ በቧንቧ ውሃ። አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሰው ትንሽ ረገብ ሲል ጥቅሉን ከራስጌዋ አንስቼ ሰጠኋቸው። "እናትህ ለሞት እያጣጣረች እንኳ 'የጎረቤቴን ዕቃ አደራ' ስትል ነበር አሉ፤ አላህ ጀነትን ይወፍቃት" አሉኝ። እዚያው ተቀምጠው ስፌቱን በጥርሳቸው ፈቱት።

የዱቄት ሳሙና ነው። የልብስ ማጠቢያ። ሦስት ትልልቅ ከረጢት። ፒያሳ በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ የሚሸጠው፣ ያው ራሱ።

እትየ ከረጢቱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው የልጃቸውን ሽታ የሚፈልጉ ይመስል አሸተቱት፤ እንባቸው መጣ። እኔ ግን ተናደድኩ። ማንን እቆጣለሁ? ልጅቱ ምን አጠፋች? የምትችለውን ነው የላከችው። እትየስ? ከረጢቶቹን ቆጥረው አንዱን ወደ እኔ ገፉት። "እንካ፣ የለቅሶው ልብስ ይታጠብበት፤ እናትህ ጠብቃልኛለች" አሉ። ተቀበልኳቸው።

ጀሪካኑን ያዩ ሴቶች ዘምዘም መሆኑን ሲሰሙ ስኒ አመጡ። መስጠት ነው እንጂ ምን አደርጋለሁ? በስኒ በስኒ ታደለ፤ ለታመመው፣ ለሕፃኑ፣ ለሽማግሌው። እናቴ ብትኖር እንደምታደርገው ሁሉ ለሁሉም ደረሰ። ከግማሽ በላይ ቀርቶ ሳለ እትየ ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ አላፍርህም" አሉኝ። "እኔም ከፈኔን ከገዛሁ ሰነበትኩ። መካ የሚሄድልኝ የለኝ፤ ልጄም እንደምታውቃት ናት። ይህችን የቀረችውን ብትሰጠኝ ነክሬ አደርቀው ነበር።"

የማስበው እናቴን ነው። ለማንም አልተናገረችም ማለት ነው፤ ውሃው እንዳልመጣላት፣ በማን ጥቅል ምክንያት እንደቀረ፣ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለችም። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። እምቢ ማለት አላስተማረችኝም።

እትየ ሮጥ ብለው ከቤታቸው ከፈናቸውን አመጡ። ሳፋው የእናቴ ነው። ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት፣ አቡጀዴው ውሃውን ጠጣ፤ እትየ በሁለት እጃቸው እየደፈቁ ምርቃት አወረዱብኝ።

"እናትህማ ታደለች" አሉኝ። "ልጇ ከጅዳ የማይጠፋ! የሷ ከፈን ድሮውንም ዘምዘም የጠገበ ነው። ለሷ እንዳደረግክላት ለኔም አደረግክልኝ፤ አላህ ይቀበልህ።"

"አሚን" አልኳቸው።